ከእሬት እስከ ክሬም፦ ዕፅዋት የቆዳ ብግነትን የሚያክሙት መቼ ነው?

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ብልቃጥ ድሮ የማር መያዣ የነበረች ትንሽ የመስታወት ዕቃ ናት። ክዳኗ ላይ በእስክሪብቶ «ለጭርት፣ ለችፌ፣ ለሶሪያሲስ፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ ተጽፎባታል። ውስጧ ወደ ቡናማ የሚያደላ አረንጓዴ ቅባት ቀርቷል፤ ሲያሸቱት ጥቁር አዝሙድና ሰም ይላል። ያመጣችልኝ ዘመዴ ክርኖቿና ጉልበቶቿ ላይ ለዓመታት የኖረው ሶሪያሲስ በዚህ ቅባት በአምስት ቀን ውስጥ ጠፋላት። ቅባቱ ባለቀ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከቀድሞው ሰፍቶ፣ ከዚያ በፊት ደርሶ በማያውቅበት በጀርባዋና በጭኖቿ ላይ ሳይቀር ወጣባት። የሸጠላት ሰው «በሽታው ከሥሩ እየተነቀለ ስለሆነ ነው» ብሎ ሁለተኛ ብልቃጥ ላከላት።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነሳ ሰሚው ወዲያው በሁለት ይከፈላል። አንዱ የአባቶቻችን መድኃኒት ተናቀ ይላል፤ ሌላው ቅጠል ቀጥቅጦ መቀባት ኋላ ቀርነት ነው ይላል። የቆዳ ሕክምናን ታሪክ ላገላበጠ ሰው ሁለቱም አያስኬዱም። ለሶሪያሲስና ለመሰል ሕመሞች ከዋሉት መድኃኒቶች ጥቂት የማይባሉት መነሻቸው የዛፍ ግንድ፣ ዘር ወይም ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ዕፅ ማከም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት መልስ አግኝቷል። መልስ ያላገኘው፣ በየቀኑም ሰው የሚጎዳበት ጥያቄ፣ እዚህች ብልቃጥ ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው የሚለው ነው።

ከክዳኑ ጽሑፍ እንጀምር፤ ሦስቱ ስሞች በአንድ መስመር መሰለፋቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነውና። ጭርት በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ፈንገሱን በሚገድል መድኃኒት ታክሞ ይድናል። ችፌ፣ ሐኪሞች ኤግዚማ የሚሉት፣ የቆዳ የላይኛው ግድግዳ ሲሳሳና ውኃ መያዝ ሲያቅተው፣ የሰውነት መከላከያም ለጥቃቅን ነገር ሁሉ ሲቆጣ የሚመጣ ማሳከክ ያለበት ብግነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን በሚያዘው ዘረ መል ላይ የሚታይ ጉድለት ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ ታውቋል። ሶሪያሲስ ደግሞ መከላከያችን ኢንተርሉኪን 17 እና 23 በተባሉ መልእክተኞች አማካይነት የቆዳ ሴሎችን ያለ ዕረፍት የሚያባዛበት ሕመም ነው። ጤናማ የቆዳ ሴል ከሥር ተወልዶ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይወስድበታል፤ በሶሪያሲስ ጊዜ ያንኑ መንገድ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ነጭ ቅርፊቱ የሚደራረበውም ለዚህ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ብግነቱ በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል እንደሚታየው ቀይ ሳይሆን ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ ስለሚታይ ሦስቱን በዓይን ብቻ መለየት ለእኛ ይበልጥ ይከብዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሶሪያሲስን ፈጽሞ የሚያድን ሕክምና የሌለው፣ የማይተላለፍ ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ በውሳኔ አጽድቋል። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት በሽታው የሚመላለስ መሆኑ ነው፤ ይብሳል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ይነሳል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው በባሰበት ሰሞን ስለሆነ ያን ጊዜ የተቀባው ማንኛውም ነገር ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲበርድ ምስጋናውን ይወስዳል። ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ሲል አይዋሽም፤ ያዳነውን ግን በትክክል ላያውቀው ይችላል። ይህን ለመለየት ግማሹን ታማሚ፣ ወይም የአንዱን ታማሚ ግማሽ አካል፣ ዕፁ በሌለበት ተመሳሳይ ቅባት ማከም የግድ ይሆናል።

እሬት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እናቶቻችን ሕፃን ጡት ለማስጣል ይቀቡት የነበረው መራራ ነገር ቅጠሉ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚንጠባጠበው ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ዛሬ ለቆዳ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስታወት መሳይ ዝልግልግ ነው። ሁለቱ በኬሚካል የተለያዩ ናቸው፤ ቢጫው ፈሳሽ የታመመ ቆዳን ይቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓኪስታን 60 የሶሪያሲስ ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት የእሬት ክሬም ከተቀቡት 83 በመቶው ሲድኑ ባዶ ክሬም ከተቀቡት የዳኑት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2005 የዴንማርክ ሐኪሞች በ41 ታማሚዎች ላይ ለአንድ ወር ሞክረው የእሬት ጄል በተቀባው ወገን 72.5 በመቶ፣ ባዶው ጄል በተቀባው ወገን ደግሞ 82.5 በመቶ መሻሻል አገኙ። ባዶው በለጠ ማለት ነው። በብዙዎቹ የእሬት ጽሑፎች የመጀመሪያው ጥናት እየተጠቀሰ የሁለተኛው ስም አይነሳም። እኔ ከሁለቱ የማወጣው ትምህርት እሬት ከንቱ ነው የሚል አይደለም፤ የደረቀ ቆዳን በየቀኑ በጥንቃቄ ማለስለስ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ ዕፁም ከዚያ በላይ መሥራቱን ማስመስከር እንዳለበት ነው።

አሁን ወደ ተሳካላቸው እንለፍ። በብራዚል ባህያ አካባቢ ከሚበቅል አራሮባ የተባለ ዛፍ ግንድ ውስጥ የሚፋቅ ቢጫ ዱቄት በፖርቱጋሎች መርከብ ወደ ሕንድ ተሻግሮ «የጎዋ ዱቄት» በሚል ስም ለጭርት ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የለንደኑ የቆዳ ሐኪም ባልማኖ ስኳየር ሕመሙን ጭርት መስሎት ዱቄቱን የተቀባ አንድ የሶሪያሲስ ታማሚ ቁስሎቹ ሲጠፉለት አስተዋሉ። ጭርትና ሶሪያሲስን ማምታታት ለአንዴ እንኳ በጎ ነገር አስገኘ ማለት ይቻላል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው የሚሠራው ነገር ክራይሳሮቢን ተባለ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ዱቄቱ ለጀርመን አልደርስ አለ፤ የቤየር ኬሚስቶችም የዕፁን ሞለኪውል በጥቂቱ ለውጠው በቤተ ሙከራ ሠሩት። በ1916 ጋሌቭስኪና ኡና የተባሉ ሐኪሞች ይፋ ያደረጉት ይህ መድኃኒት ዲትራኖል ነው። በ1953 በእንግሊዝ ሊድስ ኢንግራም የተባሉት ሐኪም ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ መታጠቢያና ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር አዋሕደው ሥርዓት አበጁለት፤ ለአሥርት ዓመታትም በሆስፒታል ለሚተኙ የሶሪያሲስ ታማሚዎች ዋና ሕክምና ሆነ።

ዲትራኖልን የቀባ ሰው አይረሳውም። አንሶላውን፣ መታጠቢያ ገንዳውን፣ ጣቶቹን ሁሉ በማይለቅ ቡናማ ሐምራዊ ቀለም ይነክራል፤ ጤነኛውን ቆዳ ከነካም ያቃጥላል። ስለዚህ በመቶኛ ሲሰላ ከአንድ በታች በሆነ መጠን ተጀምሮ ቆዳው እንደቻለው ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜም ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይታጠባል። ያ ቡናማ ቀለም መድኃኒቱ አየር አግኝቶ መበላሸቱን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የተበላሸው ክፍል ከቶ አያክምም። ይህን የማነሳው ስለ መቅመቆ ስለማስብ ነው። ቅቤ ሲነጠር ቀለም እንዲሰጥ የምንጨምረው የመቅመቆ ሥር ክራይሶፋኖልና ኢሞዲን የተባሉ ቢጫ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ክራይሶፋኖል ደግሞ የክራይሳሮቢን የቅርብ ዘመድ፣ ይኸውም አየር ያገኘው መልኩ ነው። ስለዚህ የመቅመቆ ሥር ለቆዳ ሕመም መታሰቡ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን በሞለኪውሉ ላይ ያለችው ያቺ አንዲት የኦክስጅን ልዩነት በመድኃኒትና በማቅለሚያ መካከል የቆመች ድንበር ናት። ዝምድና ብቻውን አያክምም።

ሁለተኛው ታሪክ ከጎረቤታችን ከአባይ ዳርቻ ይነሳል። አሚ ማጁስ የተባለው፣ ነጭ አበባው የእንስላልን ዣንጥላ የሚመስል አረም፣ በግብፅ ለለምጽ ዘሩ ተወስዶ ታማሚው ፀሐይ ላይ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር፤ የዕፅዋት ሊቁ ኢብን አል በይጣር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎታል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የግብፅ ኬሚስቶች ከዘሩ ሜቶክሳሌንን ለይተው አወጡ፤ የካይሮው የቆዳ ሐኪም አብደል ሞኔም ኤል ሞፍቲ በለምጽ ታማሚዎች ላይ ሞከሩት። በ1974 የቦስተን ሐኪሞች ይህንኑ መድኃኒት ከረጅም ሞገድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ጋር አጣምረው ከባድ ሶሪያሲስን ማጥራት እንደሚቻል አሳዩ። ፑቫ የሚባለው ሕክምና ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ተውጦ ወይም ተቀብቶ ቆዳው ብርሃን ይመታዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሞለኪውሉ በሴሉ ዘረ መል ውስጥ ይሸጎጥና ብርሃን ሲያገኘው ሁለቱን ገመዶች ያስራቸዋል፤ የታሰረ ሴል መባዛቱን ያቆማል። ብዙ ዓመት ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር አደጋ መጨመሩ ስለታየ ዛሬ በብዙ ቦታ መድኃኒት በማያስፈልገው ጠባብ ሞገድ ብርሃን ተተክቷል።

የዚህን ሞለኪውል ዘመዶች ለማግኘት ካይሮ መሄድ አያስፈልግም፤ በየጓሯችን ናቸው። ጤና አዳምና ሎሚ ሁለቱም ይህን ብርሃን ጠሪ ነገር ይይዛሉ። ጤና አዳም ቀጥቅጦ ክንዱ ላይ ያሸ ሰው ወይም ሎሚ በእጁ የጨመቀ ሰው ቀትር ላይ ፀሐይ ከመታው በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ብዙ ጊዜ ፈሳሹ የወረደበትን መንገድ ተከትሎ መስመር ይሠራል፤ ልምድ ያለው ሐኪም የሚያውቀውም በዚያ ነው። ካይሮ ላይ ሕክምና የሆነው ነገር እዚህ ቃጠሎ የሆነበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ እዚያ የመድኃኒቱ ሚሊግራምና የብርሃኑ ደቂቃ ይቆጠራል፣ እዚህ አይቆጠርም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ናቸው፤ ፀሐይ እንኳ ሳያስፈልጋቸው፣ ተደቁሰው በጨርቅ ከታሰሩ፣ ቆዳን እንደ እሳት የሚልጥ ዘይት ያወጣሉ።

ከእስያ የመጣው ኒል ቀለም በዚህ መካከል ቆሟል። ቻይናውያን ከኒል ቅጠል የሚያዘጋጁትን ሰማያዊ ዱቄት በታይዋን ያሉ ሐኪሞች ቅባት አድርገውት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት በ42 ታማሚዎች አካል በአንዱ ወገን ኒሉን፣ በሌላው ባዶውን ቅባት ለ12 ሳምንት ቀብተው የኒሉ ወገን በግልጽ እንደበለጠ አሳይተዋል። ውስጡ ያለው ኢንዲሩቢን በቆዳ ሴል ውስጥ ያለ፣ የኬሚካል መልእክት የሚቀበል አንድ ፕሮቲን፣ መቀበያ የሚባለውን፣ ይቀሰቅሳል፤ ያ መቀበያ ደግሞ ብግነትን የሚያበርድና ፊላግሪንን የሚያበዛ ነው። የድሮው የድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚሠራውም በዚሁ መቀበያ በኩል መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታውቋል። የሚቀባው ዱቄት ለአንጀት ሕመም ሲዋጥ ግን የሳንባ ደም ሥር ግፊት መጨመር ስለታየ የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በ2016 አስጠንቅቋል፤ ለቆዳ የተስማማ ሁሉ ለሆድ አይስማማምና።

በዚሁ መቀበያ ላይ የሚሠራ አዲስ መድኃኒት አለ፤ ታፒናሮፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ለሶሪያሲስ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ከሁለት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ለኤግዚማ ተፈቅዷል። በሁለት ትልልቅ ጥናቶች ከ12 ሳምንት በኋላ ቆዳቸው የጠራ ወይም ለመጥራት የተቃረበ 35.4 እና 40.2 በመቶ ሲሆኑ በባዶው ክሬም የጠራላቸው 6 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሞለኪውሉ ወይን ላይ ከሚገኘው ሬስቬራትሮል ጋር ስለሚመሳሰል አንዳንዱ የዕፅ መድኃኒት ይመስለዋል፤ መነሻው ግን ነፍሳትን ገድሎ በሚኖር ደቃቅ ትል ሆድ ውስጥ የሚገኝ ባክቴሪያ ነው። እሱም ተፈጥሯዊ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ «ከትል ሆድ የተገኘ» ብሎ የሚጽፍ ግን አላየሁም። ተፈጥሯዊ የሚለው ቃል ለሻጩ የሚሠራውን ያህል ለቆዳ እንደማይሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ፣ ከጎዋው ዱቄት እስከ አዲሱ ክሬም፣ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፤ ሥራቸው በሳምንታት እንጂ በቀናት አይቆጠርም። ዘመዴ በአምስት ቀን ጠራልኝ ስትል የደነገጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ፍጥነት የቆዳ ብግነትን ጸጥ የሚያሰኙት ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ማለትም የሰውነትን ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ ብግነት አብራጅ መድኃኒቶች፣ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የለንደን ሐኪሞች ለቆዳ ሕመም የተሰጡ 11 የቻይና ዕፅ ክሬሞችን አስመርምረው በስምንቱ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ አገኙ። በ2003 በበርሚንግሃም ኤግዚማ ያለባቸው ልጆች ከሚቀቧቸው 24 የዕፅ ክሬሞች ውስጥ 20ዎቹ ስቴሮይድ ነበረባቸው፣ የአብዛኞቹም ብርቱ ወይም እጅግ ብርቱ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሐኪም ለሕፃን ፊት ፈጽሞ የማያዝዘውን ክሎቤታሶል ይዘው ተገኝተዋል። ወላጆቹ ወደ ዕፅ የሄዱት ከስቴሮይድ ለመሸሽ ነበር።

ስቴሮይድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ በልክ ሲያዝ የቆዳ ሕክምና ምሰሶ ነው። አደጋው ሳይታወቅ፣ ሳይለካ፣ ለወራት ሲቀባ ነው። ቆዳ ይሳሳል፣ እንደ እርግዝና መስመር ይሰነጠቃል፤ በልጆች ላይ ወደ ደም ገብቶ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ያደክማል። በድንገት ሲቆም ሶሪያሲስ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎም መግል የያዘ ከባድ መልክ ያመጣል። ሕመሙ ጭርት ከነበረ ደግሞ ስቴሮይዱ ማሳከኩንና መቅላቱን ያጠፋና ፈንገሱን ያሰፋዋል፤ ክብ ቅርጹ ስለሚጠፋ ሐኪሙም ጭርት መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል። ክዳኑ ላይ የሰፈሩት ሦስቱ ስሞች አሁን ሌላ ትርጉም ያገኛሉ፤ ሦስቱንም ለጥቂት ቀን የሚያስታግስ፣ ቢያንስ አንዱን ግን የሚያባብስ ነገር አለና።

ቅባቱ የተለወሰበት ዘይትም ቸል አይባልም። በእንግሊዝ ሸፊልድ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳን ግድግዳ ሲያፈርስ፣ የሱፍ ዘይት ግን ግድግዳውን ሳይጎዳ ቆዳውን እንዳራሰ ታይቷል፤ በየቤቱ ሕፃን በወይራ የምናሽ ሰዎች ብናስብበት ጥሩ ነው። በፊሊፒንስ በ2014 ኤግዚማ ባለባቸው 117 ልጆች ላይ የኮኮናት ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር ተነጻጽሮ ከስምንት ሳምንት በኋላ የሕመሙ መለኪያ በኮኮናት 68፣ በማዕድን ዘይቱ 38 በመቶ ወርዷል። ለኪስ የማይከብድ፣ ለመሞከርም የማያስፈራ ዕፅ ነክ ነገር ካለ የሱፍና የኮኮናት ዘይት ናቸው፤ በጣም ተራ ስለሆኑ ግን በብልቃጥ የሚሸጣቸው የለም።

በአገራችን የዕፅ ሀብት ይህን መንገድ መጓዝ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው እንዶድን አስታውሳለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ አድዋ ውስጥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ካዩ በኋላ ሥራው የተጓዘው ፍሬውን ከየቦታው ሰብስቦ በማነጻጸር ነው፤ የአንዱ አካባቢ እንዶድ ከሌላው በብርታት ስለሚለይ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ ዓይነቶች መርጠው ዓይነት 44 የሚባለውን ለዩ። ለቆዳ የሚሆነው እሬት፣ ብሳና ወይም ግራዋ እስካሁን የጎደለው ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የትኛው ዝርያ፣ በየትኛው ወር የተቆረጠ፣ በስንት መቶኛ የተለወሰ የሚለው። ባሕል ሐኪሙ ዕውቀቱን ቢሰውርም አይፈረድበትም፤ የሚከፍለው ሰው፣ መብቱን የሚያስከብርለት አሠራር እምብዛም አላየም። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ ስም፣ አድራሻና የምርት ቁጥር የሌለውን፣ በቴሌግራም ታዝዞ በሞተር ሳይክል የሚደርስ ብልቃጥ በየቤቱ ዞሮ ሊይዝ አይችልም።

ዘመዴን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ብልቃጧን ከፍተው አሸተቱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «በስንት ቀን ጠራልሽ?» አምስት ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛውን ብልቃጥ እንዳትከፍት ነገሯት፤ ከቫይታሚን ዲ ጋር የተዋሐደ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት፣ በየስንት ቀኑ እየቀነሰች እንደምትሄድ ጽፈው አዘዙላት፤ ለተረፈው ጊዜ ቫዝሊን። ከዚያ የራሳቸውን አመልካች ጣት ዘርግተው ከጫፉ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ከቱቦው ጨመቁ። ይህ ግማሽ ግራም ይሆናል፤ ለሁለት መዳፍ ስፋት ይበቃል። ዘመዴ መዳፏን ክርኗ ላይ፣ ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ እየለጠፈች ስንት ጣት እንደሚያስፈልጋት መቁጠር ጀመረች።